ንጉሥ የተከሰሰበት አልበም

የፋሲካ ማግስት ነው። ምሳ ተበልቶ ቡና እየተቆላ ነው። የእህቴ ልጅ ትንሿን ድምፅ ማጉያ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ከስልኩ ራፕ ያጫውታል። ከመስኮቱ ሥር የአባቴ የጥንት ባልንጀራ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያሸለቡ መስለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዘፈኑ መሃል ላይ ድንገት ተቋረጠ፤ ሰዎች ተጯጯሁ፤ ጠብ ያለ ይመስላል። ከዚያ አንድ ሰው ያለ ሙዚቃ መናገር ጀመረ፤ ፊደል እየቆጠረ። መምህሩ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምንድን ነው የሚለው ይሄ ሰውዬ?»

«ንጉሥ ነው የሚለው ጋሼ። የእኛን ቃል ነው።»

«የት አለ ንጉሥ? ኒገስ ነው ያለው።»

«እሱ እንደዚያ ነው የሚጠራው።»

«እስቲ መልሰው።»

መለሰው። ኤን፣ ኢ፣ ጂ፣ ዩ፣ ኤስ። መምህሩ እስኪያልቅ በጥሞና አዳመጡና «በየትኛው ሰ ነው የጻፈው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጥያቄው የምር ነበር፤ ፊደል ገበታችን ላይ ካሉት ሁለት «ሰ»ዎች አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቃል ነውና። ንጉሡ ሠ እንለው የለ?

ዘፈኑ «አይ» ይባላል። በእንግሊዝኛ «እኔ» ማለት ነው፤ በእኛ ጆሮ ግን የምሬት ድምፅ ሆኖ ይሰማል፣ ያም ቢሆን ለዚህ አልበም አይከፋውም። አልበሙ «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» ነው፤ የካሊፎርኒያው ራፐር የኬንድሪክ ላማር ሦስተኛ የስቱዲዮ ሥራ። መጋቢት ወር 2015 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተባለለት ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ወጣ። አሥራ ስድስት ዘፈን፣ 79 ደቂቃ ገደማ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ300 ሺህ በላይ ቅጂ ተሸጦ የቢልቦርድን ሰንጠረዥ መራ። ይህን ያህል የተሸጠው ደግሞ ለጭፈራ የማይመች፣ ጃዝና ፈንክ የተሞላ፣ ከግማሽ በላዩ ራስን መውቀስ የሆነ ሥራ ነው።

ስሙን ወደ አማርኛ መመለስ ያሳፍራል። «ፒምፕ» እኛ አቃጣሪ የምንለው ነው፤ በሰው ገላ የሚነግድ ደላላ። ቢራቢሮን ማቃጠር እንደ ማለት። ኬንድሪክ በአልበሙ መጨረሻ ላይ እንደሚያስረዳው፣ አባጨጓሬው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ያገኘውን እየበላ ከመንጋጋ የሚያመልጥ። ቢራቢሮው ውስጡ ያለው ተሰጥኦና ውበት ነው። አባጨጓሬው በራሱ ውበት ሊነግድበት ይነሣል። መጀመሪያ የታሰበው ርዕስ በአባጨጓሬ የሚያልቅ ነበር፤ የቃላቱ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ የሟቹን ራፐር ስም «ቱፓክ»ን ይሰጣሉ።

የአልበሙን አሠራር ለመረዳት መግቢያውንና መውጫውን ጎን ለጎን ማድረግ ይበቃል። የሚከፈተው በአሮጌ ሸክላ ጭርጭርታ ነው። የጃማይካዊው ቦሪስ ጋርድነር የ1970ዎቹ ዘፈን ይሰማል፤ ጥቁር ሁሉ ኮከብ ነው የሚል። «ጥቁር» ለማለት የተጠቀመበት ቃል ግን በአሜሪካ ባሪያ ፈንጋዩ ሲሰድብበት የኖረው፣ ዛሬ ጋዜጦች እንኳ ሙሉውን የማያትሙት ቃል ነው። ከዚያ አሥራ አምስተኛው ዘፈን ላይ ኬንድሪክ ሙዚቃውን አስቁሞ፣ የሚጣሉትን ገላግሎ፣ ያንን ስድብ ያነሣና በቦታው ሌላ ቃል ይተካል። ከኢትዮጵያ የመጣ ቃል ነው ይላል፤ ትርጉሙ ንጉሥ፣ ጥቁር ንጉሠ ነገሥት፣ ገዥ ነው፤ የታሪክ መጻሕፍት ደብቀውታል፤ እኛም ሳናውቅ አበላሽተን ስንጠራው ኖረናል ይላል። በስድብ የተጀመረው አልበም «ንጉሥ» ሲል ሊያልቅ አንድ ዘፈን ይቀረዋል።

በቋንቋ ሕግ ከሄድን ኬንድሪክ ተሳስቷል። ሁለቱ ቃላት ዘመድ አይደሉም። ስድቡ ጥቁር ከሚለው ከላቲኑ «ኒጌር» ተነሥቶ፣ በስፓኝና በፖርቱጋል ነጋዴዎች አፍ አልፎ እንግሊዝኛ የገባ ነው። ንጉሥ ግን «ነግሠ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። ዓረቦች «ነጃሺ» ያሉት ይህንኑ ቃል ነው። መምህሩም ሌላ እርማት ነበራቸው። «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት አንድ አይደለም። ተፈሪ በ1921 ነገሡ፤ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የጫኑት በ1923 ነው» አሉ፣ በእኛ አቆጣጠር። የእህቴ ልጅ «እሱን ለኬንድሪክ እነግርልዎታለሁ» አላቸው።

ቃሉ እዚያ ድረስ የሄደበት መንገድ ግን የውሸት አይደለም። በ1935 ጣልያን ሲወረን የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ኃይለ ሥላሴን «ዘ ኒገስ» እያሉ ይጽፉ ነበር። «ታይም» መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ ሽፋኑ ላይ አወጣቸው። ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አብራሪ አውሮፕላን ሊያበርልን መጣ። በ1937 ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ጃማይካ ላይ ደግሞ ቃሉ ጸሎት ውስጥ ገባ። ስለዚህ አንድ የካሊፎርኒያዋ የኮምፕተን ከተማ ልጅ ሰማንያ ዓመት ዘግይቶ ፊደሉን ቢቆጥር፣ አነጋገሩ ቢንጋደድም ከባዶ አላመጣውም። የአሜሪካና የጃማይካ ጥቁሮች ቃሉን የያዙት አድዋን በሚያይ ዓይን ነው። እኛ ከዚያም ሌላ የምናውቀው አለ፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት የወጡትን አዛውንት። ንጉሥ ለእኛ የኩራት ቃል ብቻ አይደለም። ግብርም፣ ግዞትም፣ ረሃብም አለበት። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ያልተመቸኝም ለዚህ ነው፤ ዘውዱን አንሥቶ ሸክሙን ትቶታል ብዬ ነበር።

ተሳስቼ ነበር፤ ያረመኝም አልበሙ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እንላለን። እዚህ አልበም ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚከሰሰው ንጉሡ ነው፤ ከሳሹም ራሱ።

ስድስተኛው ዘፈን «ዩ» ይባላል፤ አንተ ማለት ነው። የ«አይ» ተቃራኒ ሆኖ የተሠራ ነው። የሆቴል ክፍል ውስጥ ነን። የጠርሙስ ድምፅ ይሰማል። በር ይንኳኳል፤ ክፍል የምታጸዳ ሴት ናት፣ በስፓኒሽ ትጣራለች። እሱ አይከፍትም። ድምፁ ተሰብሮ፣ በስካርና በልቅሶ መሃል ራሱን ይዘልፋል። የጓደኛው ታናሽ ወንድም ተመትቶ ሆስፒታል ሲተኛ በአካል አልሄድክም፣ በስልክ ቪዲዮ ነው የጠየቅኸው ይለዋል። ብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ስለ ፍቅር ትሰብካለህ፣ የገዛ እኅትህን ግን አልጠበቅህም ይለዋል። ይህን ክስ ስሰማ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ትዝ ሳይለኝ አይቀርም፤ እናቱ ታማ በቪዲዮ የጠየቀ፣ ገንዘብ ልኮ ለቅሶ ያልደረሰ። የኬንድሪክ ርቀት ከውቅያኖስ ማዶ አይደለም። ኮንሰርት ላይ ነበር።

ከ«ዩ» ቀጥሎ ወዲያው «ኦልራይት» ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የተደረደረ አይደለም። ፋረል ዊሊያምስና ሳውንዌቭ ያቀናበሩት «ኦልራይት» ደኅና እንሆናለን የሚል ነው፤ ከሆቴሉ ወለል ላይ ተነሥቶ ካልሰማችሁት ተራ ማጽናኛ ይመስላል። የዘመኑን ሁኔታ እናስታውስ። ኤሪክ ጋርነር በሐምሌ 2014 ኒው ዮርክ ላይ በፖሊስ አንገቱን ታንቆ ሞቷል፤ ከሳምንታት በኋላ ማይክል ብራውን ፈርግሰን ላይ ተገድሏል። በሐምሌ 2015 ክሊቭላንድ ውስጥ የጥቁሮች ሕይወት ንቅናቄ ሰዎች ስብሰባቸውን ጨርሰው ሲወጡ ፖሊስ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲይዝ አዩ። ከበቡ። ፖሊሱ ሕዝቡ ላይ የበርበሬ ጋዝ ረጨ። በኋላ ልጁ ለእናቱ ተሰጠ፤ ዓይኑ እያለቀሰ የቆመው ሕዝብም በአንድ ድምፅ የጮኸው የዚህን ዘፈን አዝማች ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰልፍ መዝሙር ሆነ። ኬንድሪክ በቢ ኢ ቲ (BET) የሽልማት መድረክ ላይ የተቦጫጨረ የፖሊስ መኪና ጣሪያ ላይ ቆሞ ሲዘፍነው፣ የፎክስ ኒውስ ተንታኞች ሂፕ ሆፕ ጥቁር ወጣቶችን ጎዳ ብለው ወቀሱት።

ከአልበሙ ሁሉ ለእኛ አንባቢ ቀረብ የሚለው ግን ሰልፍ ላይ የማይዘፈነው «ሃው መች ኤ ዶላር ኮስት» ነው። ኬንድሪክ በ2014 ደቡብ አፍሪካን ጎብኝቶ ነበር፤ ጆሃንስበርግ፣ ደርባን፣ ኬፕታውን፣ ማንዴላ የታሰሩበትን የሮበን ደሴት ክፍል ሳይቀር። እስከዚያ የሠራውን ብዙውን ጥሎ እንደ አዲስ የጀመረው ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ይቆማል። አንድ ጎስቋላ ሰው አንድ ዶላር ይለምነዋል። ዕፅ ሊገዛበት ነው ብሎ ይጠረጥረዋል፣ ይነጫነጫል፣ እኔ በላቤ ያገኘሁትን ይላል። ሰውዬው ዝም ብሎ ያየዋል። በመጨረሻ ማንነቱን ይገልጻል፤ እግዚአብሔር ነው። የዶላሩ ዋጋም በመንግሥተ ሰማይ ያለህ ቦታ ነው ይለዋል።

የበላኤ ሰብእን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ሊሆን አይችልም። ያ ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የተማረ። ኬንድሪክ ጥርኝ ውኃውን የከለከለው ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አንዱ ሁሉን ኃጢአት ሠርቶ አንዲት ነገር ሰጠ፣ ሌላው ሁሉ ነገር ኖሮት አንዲቱን ነሣ። ባራክ ኦባማ የ2015 የምወደው ዘፈን ብለው የመረጡት ይህንን ነው። ፕሬዚዳንት የመረጠው ዘፈን ብዙ ጊዜ ያስጠረጥረኛል፤ እዚህ ላይ ግን አልሳቱም።

ሙዚቃውን ትቼ ግጥሙን ብቻ እንዳላወራ፤ ክሱን የሚሸከመው ፈንክ ነው።

ፈንክ ምን እንደሆነ ለማወቅ በእግር መቁጠር ይሻላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የቀድሞው የጥቁሮች ሙዚቃ በሁለትና በአራት ላይ ያጨበጭብ ነበር። ጀምስ ብራውን ባንዱን ሁሉ «አንድ» ላይ እንዲያርፍ አዘዘ፤ ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ነፋሹ በአንድ ጊዜ መሬት ይመታሉ፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው «አንድ» ድረስ እያንዳንዱ በራሱ ክፍተት ይሽሎከለካል። የእኛ ችክችካ ትከሻ ያስነሣል፤ ፈንክ ወገብና ጉልበት ይጠይቃል። ከብራውን ባንድ የወጣው ቤዚስት ቡትሲ ኮሊንስ ይህን ይዞ ጆርጅ ክሊንተን ጋ ሄደ፤ ክሊንተንም በፓርላመንትና በፈንካደሊክ ባንዶቹ በጠፈር መርከብ ጭምር አሳበደው። በ1992 የኮምፕተኑ ዶክተር ድሬ «ዘ ክሮኒክ»ን ሲሠራ መሠረቱ የክሊንተን ፈንክ ነበር። ኬንድሪክ የተወለደው በ1987 እዚያው ኮምፕተን ነው፤ ስለዚህ ፈንክ ለሱ የሰፈር ድምፅ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ክሊንተን ራሳቸው አሉ፤ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ዘፈኑ ስሙን ያገኘው ግብር ባለማሳወቅ ከታሰረው ተዋናይ ከዌስሊ ስናይፕስ ነው። ጉዳዩ አንድ ጥቁር አርቲስት ገንዘብ ሲያገኝ ማን እንደሚቀራመተው ነው። ይህን እንዲናገሩ ክሊንተንን መምረጥ ቀልድ አይደለም። ሌላው የኮምፕተን ቡድን ኤን ደብልዩ ኤ ከፈንካደሊክ ዘፈን የሁለት ሰኮንድ የጊታር ድምፅ ወስዶ፣ ቃናውን ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ ተጠቅሞበት ነበር። በ2005 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለት ሰኮንድም ብትሆን ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ያን ክርክር ያሸነፈው ግን የመብቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው፤ ክሊንተን አይደሉም። የጀምስ ብራውን ድራመር ክላይድ ስተብልፊልድም አለ፤ «ፈንኪ ድራመር» ላይ የመታት ጥቂት ሰኮንድ ከአንድ ሺህ በላይ ዘፈን ውስጥ ገብታለች፤ ደራሲ ተብሎ ስላልተመዘገበ ግን ይህ ነው የሚባል ክፍያ ሳያገኝ በ2017 ሞተ። ቢራቢሮን ማቃጠር ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ኬንድሪክ ከኮምፒውተር ቁራጭ ይልቅ ሰው መሰብሰቡን ሳደንቅለት ነው የምኖረው። ቤዙ ተንደርካት ነው፤ ጣቶቹ ገመዱ ላይ ሲሯሯጡ ሰው የሚያጉረመርም ይመስላል። ሳክስፎኑና የገመድ መሣሪያዎቹ ቅንብር የካማሲ ዋሽንግተን፣ ፒያኖው የሮበርት ግላስፐር፣ ብዙውን ያስማማው ቴራስ ማርቲን። «ኪንግ ኩንታ»ን በጥሩ ድምፅ ማጉያ የሰማ ሰው ይገባዋል። ቤዙ ይንቀዋለላል፣ ኬንድሪክ ይፎክራል። ግን ማንን ነው ንጉሥ ያለው? ኩንታ ኪንቴን፤ በአሌክስ ሄሊ «ሩትስ» ውስጥ አምልጦ ተይዞ እግሩን የተቆረጠውን ባሪያ። እግሩ የተቆረጠ ንጉሥ! ቪዲዮው የተቀረጸው በኮምፕተን ጉሊት ገበያ ነው፤ ኬንድሪክ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ቱፓክና ድሬ ቪዲዮ ሲቀርጹ ቆሞ ባየበት ቦታ።

እዚህ ላይ ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩልን። «ይሄማ ዓለማየሁ ነው» አሉ ቤዙን ሲሰሙ። የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራው ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ጀምስ ብራውን» ሲባል ኖሯል። በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ፈንክ ሲጨፈር ኮምፕተን ውስጥ ኬንድሪክ ገና አልተወለደም። ፈንክ ወደ እኛ መጣ፣ ንጉሥ ወደ እነርሱ ሄደ። ማን እንዳተረፈ እንጃ።

አልበሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። «ዘ ብላከር ዘ ቤሪ» ላይ ኬንድሪክ ለተገደለው ጥቁር ታዳጊ ለትሬቮን ማርቲን አለቀስኩ፣ እኔ ራሴ ግን በሰፈር ጠብ ጥቁር ገድያለሁ የሚል ገጸ ባሕርይ ያመጣል፤ ራሱን ግብዝ ይላል። የፖሊስን ግድያና የሰፈርን ጠብ አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጠ ብለው ብዙዎች ወቅሰውታል፤ ወቀሳው ያስኬዳል። የሴቶቹም ነገር ያሳስበኛል። ፈተና በመጣ ቁጥር የሴት መልክ አለው። ሰይጣን ራሱ «ሉሲ» ተብሏል፣ ከሉሲፈር ተቆርጦ። ድንቅነሽ ይህን ብትሰማ ትታዘበው ነበር።

በየካቲት 2016 ኬንድሪክ ለአሥራ አንድ ግራሚ ታጭቶ አምስት ወሰደ፤ አንዱ ከቴይለር ስዊፍት ጋር በሠራው ቪዲዮ የመጣ ስለሆነ የአልበሙ ድርሻ አራት ነው። የዓመቱን አልበም ሽልማት ያሸነፈችው ስዊፍት ነበረች። ዴቪድ ቦዊ የመጨረሻ አልበሙን ሲሠራ ኬንድሪክን ያዳምጥ እንደነበር ፕሮዲውሰሩ ተናግሯል። ለእኔ ከዋንጫው ይህ ይበልጣል።

የመጨረሻው ዘፈን «ሞርታል ማን» ነው፤ ሟች ሰው። ከዘፈኑ በኋላ ኬንድሪክ ከቱፓክ ጋር ያወራል። ቱፓክ በ1996 ተገድሏል፤ ድምፁ በ1994 ለስዊድን ራዲዮ ከሰጠው ቃለ ምልልስ የተቀነጨበ ነው። ስለ ሀብት፣ ስለ ድሃ ቁጣ፣ ስለ ሞት ያወራሉ። ኬንድሪክ የአባጨጓሬውንና የቢራቢሮውን ጽሑፍ ያነብለትና ምን ይመስልሃል ይለዋል። መልስ የለም። ስሙን ይጠራል። ዝም። አልበሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

መምህሩ እስከዚያ አልቆዩም፤ ቡናቸውን ጠጥተው፣ «ልጁ ደግ ነው፤ አጻጻፉን ግን አርሙለት» ብለው ሄዱ።

ለመስማት ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ላሳስብ። በ2014 ለብቻው ወጥቶ በየራዲዮው የተጫወተው «አይ» ሌላ ነው፤ ጠቡም፣ ንግግሩም፣ ንጉሥም የለበትም። አልበሙ ላይ ያለውን ፈልጉ፣ ግን ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምራችሁ ሳትዘሉ ድረሱበት። ስድብ ይበዛዋልና ልጆች በሌሉበት።